በገብስ አገር እንጀራ እምቢ ማለት

ስንዴና ገብስ አይስማሙኝም። ይህን አንድ ነገር በሰርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በሆቴል፣ በዘመድ ቤት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር ስናገር ኖሬአለሁ። የሚሰማኝ ሰው ራሱን ነቅንቆ ያዝንልኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እሺ፣ ቂጣውን እንኳ ቅመሽ» ይለኛል። ቂጣው የስንዴ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ከርሞብኛል። ሆዴ ይነፋል፣ የበላሁት አይረጋልኝም፣ ልብሴ በየወሩ ይሰፋኛል፣ ደም የለሽም እባላለሁ። አንዱ ሐኪም አሜባ ነው አለኝ፣ ሌላው ጃርዲያ፣ ሌላው ታይፎይድ፣ ሌላው ጨጓራ። ለሁሉም መድኃኒት ወስጃለሁ። እናቴ ጥቁር አዝሙድ በማር እየለወሰች አበላችኝ፤ ሸኾቹ ዘንድም ወስዳ ቁርኣን አስቀራችብኝ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብቶ ከአንጀቴ ቅንጣት ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ «ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ያንን አንጀትሽ አይቀበለውም። መድኃኒት የለውም፤ መተው ብቻ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ፈገግ አለና «ግን እድለኛ ነሽ። የፈረንጅ አገር ሰው ዳቦውን ትቶ ምን ይበላል? ለአንቺ ጤፍ አለልሽ» አለ።

እኔም እድለኛ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ አራዳ የአባቴን ሱቅ ተረክቤ የምነግድ ሴት ነኝ፤ እንጀራ የት ይጠፋኛል ብዬ። ለካ እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም። ተጋግሮ የሚሸጠው ገብስም ስንዴም ይቀላቀልበታል፤ ሻጯን ብጠይቃት ምላ ተገዝታ ንጹሕ ጤፍ ነው ትለኛለች። ጤፉን ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ለቅሜ፣ ወፍጮ ቤት ብወስደው፣ ከኔ በፊት የተፈጨው የሰው ገብስ ድንጋዩ ላይ ተርፎ ከዱቄቴ ጋር ይወርዳል። ባለወፍጮውን ጠርገህ ፍጭልኝ ብዬ ብለምነው ዝም ብሎ አየኝ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ግን ዝም አላሉም። በኋላ ባለቤቴ ለቤት የምትሆን ትንሽ መፍጫ አመጣልኝ። ሞተሯ እንዳይቃጠል እያሳረፍኩ፣ በጥቂት በጥቂቱ እፈጭባታለሁ። ምጣዴ ለብቻዬ ነው፤ ማቡኪያዬም ወንፊቴም እንዲሁ። ልጆቼ ዳቦ ሲበሉ ፍርፋሪው እስኪጠረግ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከቤቴ እስካልወጣሁ ድረስ ይህ ሁሉ ተለምዷል። የሚያደክመኝ መንገድ ነው።

ሌላው ሰው መንገድ ሲነሣ የሚያስበው ማኪና ማግኘቱን ነው። እኔ ስንት እንጀራ እንደምይዝ፣ በምን እንደምጠቀልለው፣ ስንት ቀን ሳይሻግት እንደሚቆይልኝ ነው የማስበው። የእህቴ ልጅ አዘዞ ስትዳር፣ ከቦርሳዬ እንጀራ ሳወጣ አማቷ አይታኝ እስከ ዓመቱ ድረስ አኩርፋኛለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስጠራ ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። የማይቀርበት ግን አለ።

ከደባርቅ ወዲህ ደጋው ላይ የሚኖሩት የአባቴ ወዳጅ ማረፋቸውን ትንሿ ልጃቸው ደውላ ነገረችኝ። ገበሬ ነበሩ፤ ክርስቲያን። ገና ልጅ ሳለሁ ለገበያ ጎንደር ሲወርዱ በቅሏቸውን እኛ ግቢ ያስሩ ነበር። ለአባቴ አተርና ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ አባቴ ጨውና አቡጀዴ አሸክሞ ይሸኛቸዋል። በጾማቸው ወራት የመጡ እንደሆነ እናቴ ምስር ወጥ ለብቻ ትሠራላቸዋለች። አባቴ እሳቸው ዘንድ ሲሄድ ደግሞ ወተትና እንቁላል ይሰጡታል። ሥጋ ነው የየራስ፤ እንጀራው አንድ ነበር። እኔ አያ ነበር የምላቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ከደጋ ወርደው መጥተው፣ ቁርኣን ሲቀራ ከወንዶቹ መካከል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስከ መጨረሻው ቀን ከድንኳኑ ሳይወጡ ሰነበቱ። ለቅሶ ደግሞ ብድር ነው።

ያን ሰሞን መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ «ጠዋት ሄደሽ ከሰዓት ተመለሽ፤ እንዳታድሪ» አለኝ። እኔም እንደዚያ አሰብኩ። የአንድ ቀን እንጀራ፣ ትንሽ ምስርና የተቀቀለ እንቁላል በዕቃ ቋጥሬ በሚኒባስ ወጣሁ።

ከአውራ ጎዳናው ወርጄ ሽቅብ ስሄድ ግራና ቀኙ ገብስ ነበር። ዛላው ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲመጣበት አንድ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይነሣል። ዓይን ያርፍበታል። ለእኔ ግን ከዳር እስከ ዳር የማልበላው ነገር ነበር።

ዳሱ ውስጥ ገብቼ ካለቀስኩ በኋላ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ባልቴቲቱ፣ የአያ ሚስት፣ እጄን ይዘው «አባትሽን ሊያገኝ ሄደ» አሉኝና ሁለታችንም እንደገና አለቀስን። ከዚያ ንፍሮ ዞረ፤ ባቄላና ስንዴ። ሳህኑ እኔ ጋ ሲደርስ ለጎኔ አሳለፍኩት። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ምሳ ሲቀርብ የገብስ እንጀራ በሽሮ ነበር። «በልቼ ነው የመጣሁ፣ እማማ» አልኳቸው። «ከጎንደር እዚህ ድረስ ተመጥቶ በልቼ ይባላል?» አሉና ጎርሼ እንድተው ለመኑኝ። ሆዴን እያመመኝ ነው ብዬ አመለጥኩ።

ሰው በምሳው ሲጠመድ ቀስ ብዬ ወጥቼ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ሄድኩና ዕቃዬን ከፈትኩ። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምበላው። ከጎልማሳ ሴት የማይጠበቅ ነገር መሆኑን እያወቅሁ፣ እንደ ሌባ ተሸጉጬ። አፌ ሙሉ ሳለ የሰው ጥላ አረፈብኝ። የአያ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ለበቅሎ ጭድ ሊወስዱ መጥተው። አንዴ እኔን፣ አንዴ እንጀራዬን አዩ።

«በልቼ መጣሁ አላልሽም?» አሉ።

ዋጥኩና ተነሣሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያ። ገብስ አይስማማኝም። ሐኪም ከልክሎኝ ነው።»

«አባትሽ ከዚህ ቤት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እዚያ መደብ ላይ ያድር ነበር። ሥጋችንን አልበላም፣ እኛም የሱን አልበላንም፤ እንጀራችንን ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። ምነው አሁን ተጠየፍሽን? ሃይማኖቱ ከረረ?»

«ወላሂ እንደሱ አይደለም። ገብስ ያመኛል። ስንዴም።»

«ገብስ ሰው ያማል ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «እኛ ለታመመ ነው ገብስ የምንሰጠው።» ጭዳቸውን ታቅፈው ሄዱ።

ተከትያቸው ሄጄ ስለ አንጀቴ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ግሉተን ማስረዳት ይገባኝ ነበር ይሆናል። አላደረግሁትም። እንጀራዬን ጨረስኩ፤ አልጣፈጠኝም።

ከሰዓት በኋላ ጎዳናው ላይ ወርጄ ሚኒባስ ብጠብቅ አንድም ማኪና አላለፈም። አንዲት ባለሻይ ቤት «ተዘግቷል። ዛሬም ነገም ማንም አያልፍም ተብሏል» አለችኝ። ስልክም ተቋርጧል። ሽቅብ ተመለስኩ። ባልቴቲቱ ስመለስ ሲያዩኝ «ሸጋ። እግዜር ነው የመለሰሽ፤ ሰው ናፍቄ ነበር» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ በተረፈኝ እንቁላል አሳለፍኩ። በነጋታው ዕቃዬ ባዶ ነበር። ቁርስ የገብስ ቂጣ መጣ፤ አልራበኝም አልኩ። ምሳ ላይ ባልቴቲቱ በእጃቸው ትሪ ይዘው መጡና ከፊቴ አስቀምጠው አጠገቤ ቁጭ አሉ። የባላቸው ወንድም ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እጃቸውን ከገበታው ላይ አንሥተው ያዩኛል። ባልቴቲቱ ሐዘንተኛ ናቸው፤ ዓይናቸው አብጧል፤ ቆርሰው «በይ፣ ልጄ፣ በአያሽ ነፍስ» አሉኝ።

ያኔ የተሰማኝን ሰው እንዲረዳኝ እፈልጋለሁ። ፈርቼ አይደለም የበላሁት፣ አፍሬም ብቻ አይደለም። እንደገና ማስረዳት ከመታመም የበለጠ ታክቶኝ ነበር። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ከየት ጀምረው የት እንደሚያልቁ፣ ሰው የትኛው ላይ ራሱን እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ከምናገር ብውጠው ቀለለኝ። ጎረስኩ። ሁለተኛም አጎረሱኝ። የገብስ እንጀራ ጣዕሙን ረስቼው ነበር፤ ጥሩ ነው፣ ገር ነው፤ ልጅነቴን ነው ያስታወሰኝ። ትሪውን እስክንጨርስ በላሁ። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ከጓሮ ተመላለስኩ፣ አስመለሰኝ፣ እንደገና ተመላለስኩ። በኋላ እግሬ አልሸከም ብሎኝ ግድግዳ ይዤ ስቀመጥ ደውላ መርዶ የነገረችኝ ልጅ ናት ያገኘችኝ። ደግፋ መደብ ላይ አስተኛችኝ። ባልቴቲቱ ራሴን ይዘው «ምን አበላሁሽ?» ይሉኛል ደጋግመው። «የምታውቂውን በሽታ ምነው ዝም አልሽኝ?» ይላሉ። ለባላቸው ወንድም ነግሬ እንደነበር አላነሣሁባቸውም። ወንድምየው በሩ ላይ ቆመው ቆዩ። ወደ ውስጥ አልገቡም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከራሳቸው ጓሮ የቆፈሩትን ድንች በጆንያ ተሸክመው አምጥተው ከምድጃው አጠገብ አራገፉት።

«ድንችስ?» አሉኝ።

«ድንች አይነካኝም፣ አያ።»

«እንግዲያስ ሸጋ» አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ድንች በላሁ። ድንች በጨው፣ ድንች በቅቤ፣ ድንች በወተት፣ አንዳንዴ እንቁላል። ባልቴቲቱ ለእኔ ብቻ የሚሆን ድስት ለዩ፤ ገብስ የነካው ማማሰያ እንዳይገባበት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ደግነታቸው ግን እሱም አድካሚ ነበር። ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከሟቹ ቀጥሎ የሚሰማው የእኔን ሆድ ሆነ። አንዷ ቡዳ በልቷት ነው አለች። አንድ ቄስ ጠበል ቢረጩብኝ ሃይማኖቴ እንደማይከለክል አስረዱኝ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ሆዴን ዳሰሱና «ጤፍ ያቀበጠው ሆድ ነው» ብለው ፈረዱ። ሁሉንም እሺ፣ ይስጥልኝ እያልኩ ተኝቼ ሰማሁ።

ልጅቱ ግን ምንም አልመከረችኝም። ሃያዎቹን ያጋመሰች ትመስላለች፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ከንፈሯ የገረጣ። ተድራ ሄዳ ነበር፤ ከባሏ ቤት ተመልሳ ነው ያለችው። የመጣችበትን ምክንያት ያወቅሁት ብቻችንን ድንች ስንልጥ ነው።

«እታለም፣» አለችኝ፣ «ሳይታወቅብሽ በፊት ምን ምን ይልሽ ነበር?»

ነገርኳት። ሆዴ መነፋቱን፣ የበላሁት አለመርጋቱን፣ ክሳቱን፣ ደረጃ ስወጣ እግሬ መክዳቱን። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አለች።

ከባሏ ቤት ሳለች አረም መንቀል ሲያቅታት፣ እርሻ ላይ ምሳ አድርሳ ስትመለስ መንገድ ዳር እየተኛች ሰነፍ ተባለች። አማቷ መጀመሪያ ላይ ያጠነክርሻል ብላ በሶ በጥብጣ አጠጣቻት፤ የገብስ ገንፎ በቅቤ አገንፍታ አበላቻት። በበላች ቁጥር ባሰባት። ጠበል ከረመች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልጸኑላትም። በኋላ ባልየው አምጥቶ እናቷ ደጅ ላይ ትቷት ሄደ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም።

«አንቺ ስትተዪው ተሻለሽ?»

«ተሻለኝ።»

«ሁሉም?»

«ሆዴ ተሻለኝ» አልኳት። «ድካሙ ሌላ ነው። እሱን በኋላ ታገኚዋለሽ።»

ሣቀች። ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ቤት ሣቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ቀን ገብሱን ልተው ብላ ተነሣች። ጎንደር መጥተሽ እስክትመረመሪ አትተዪ አልኳት፤ ሐኪሙ በሽታው በደሜ የሚታየው እየበላሁ ከተመረመርኩ ብቻ እንደሆነ ነግሮኝ ነበርና። እያመማት እንድትበላ ማዘዝ ከበደኝ፤ ግን በላች። እኔ ድንቼን ይዤ፣ እሷ ገብሷን ይዛ፣ ከአንድ ገበታ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ። ብዙ ሳይቆይ ልጅቱ ከአጎቷ ጋር፣ ጭድ ክምሩ ጋ ካገኙኝ ከኚያው ሰውዬ ጋር፣ ጎንደር መጣች። እሳቸው በማግስቱ ተመለሱ፣ እሷን እኔ ቤት አስቀመጥኳት። ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን። ደም ሰጠች፣ ሰገራ ሰጠች፣ በቱቦም ታየች። ውጤቱን እስክንሰማ ድረስ ያሉት ቀናት በዚህ በሽታዬ ዘመን ያለ ድካም ያሳለፍኳቸው ናቸው ማለት እችላለሁ።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግልጽ ነው። ሰው አግኝቼ ነበር። መፍጫዋን እንዴት እንደማሳርፋት፣ ጤፉ ውስጥ ያመለጠችውን የስንዴ ፍሬ በምን እንደምለያት አሳየኋት። አራዳ ወርደን የራሷ ወንፊት ገዛንላት። በልቤ ስለ ሁለታችን ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ለቅሶ ቤት ሁለት ሆነን ስንገባ፣ አንዷ ስትታክት ሌላዋ ስታስረዳ። አሳሳቢው የእሷ አገር ጤፍ አለማብቀሉ ነበር፤ እሱንም ከዚህ በማኪና እልክላታለሁ ብዬ ጨርሼው ነበር። እሷም «አንቺ ካለሽ አይከፋም» ትለኝ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ያን በሽታ የለብሽም» አላት። «ደምሽም አንጀትሽም ነጻ ነው ከሱ። ያለብሽ ጃርዲያ ነው፤ ሥር ሰዶ ነው የቆየብሽ። የምንጩ ውኃ ይሆናል። የደም ማነስም አለብሽ። መድኃኒት እሰጥሻለሁ፣ ይለቅሻል። ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ።»

እሷ መጀመሪያ እኔን ነው ያየችኝ። «ገብስ መብላት እችላለሁ ማለት ነው?» አለችው።

«እንደ ልብሽ።»

ለእኔ በከንቱ ሲታዘዝልኝ የኖረው ያ መድኃኒት ነው የታዘዘላት። ስሙን ሳይ ምሬቱ ምላሴ ላይ መጣብኝ። እኔን አንድም ቀን ያላሻለኝ፣ እሷን አሻላት። ከመሄዷ በፊት ፊቷ መመለስ ጀምሮ ነበር። ወንፊቱን ለእኔ ትታልኝ ልትሄድ ስትል፣ ለሽሮ ይሆንሻል ብዬ ከጓዟ ከተትኩት።

ከወራት በኋላ ደወለችልኝ። ድምጿ ሌላ ሰው ይመስላል። «እታለም፣ ገንፎ በላሁ። በቅቤ፣ በበርበሬ፣ እስክጠግብ። ምንም አላደረገኝም» አለችኝ። እናቷም ስልኩን ተቀብለው መረቁኝ፤ አንቺ ባትታመሚ ልጄ ሞታ ነበር አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ፤ ለዚያች ልጅ መዳን ከልቤ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ስልኩን ዘግቼ ግን ሱቁ ውስጥ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ደንበኛ ገብቶ ጠርቶኝ ነው የነቃሁት። አብራኝ የተሳፈረች ሰው ከመንገድ ወርዳ እኔ ብቻዬን የቀጠልኩ መሰለኝ። እሷ የምትወርድበት አገር አላት። የእኔ መንገድ መውረጃ የለውም። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ምን እንደሚለኝ ስለማላውቅ አልነገርኩትም።

ዓመቱ ሲሞላ ለተዝካሩ ተጠራሁ። ሄድኩ። ልጅቱ ወፈር ብላ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ከባሏም ጋር ታርቃ፣ ጋን ስትገለብጥ አገኘኋት። ሥራ ስለበዛባት ሁለቴ ስማኝ ሮጠች። እናቷ ድንቹን በዚያው በተለየው ድስት ቀቅለው ጠበቁኝ። የአያ ወንድም ደግሞ እጄን ይዘው ከፊት አስቀመጡኝና ለገባው እንግዳ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እሷን ገብስ እንዳትሰጧት። ስንዴም እንዳትሰጧት። እንዳትለምኗት። እኔ ነኝ ያልኳችሁ» ይላሉ። የሚሰማው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዳንዱ ጠጋ ብሎ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። እሳቸው ቀድመው ስለ አንጀቴ ያስረዱልኛል፤ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ሐኪሙ አንጀቴን በመቀስ ቆርጦ እንደሰፋው ሲናገሩ ሰማሁ። አላረምኳቸውም። ድንቼን በላሁ፤ ለአያ ነፍስ አዘንኩ፤ ከዳሱ ጥግ ሆኜ የአሱርን ሶላት ሰገድኩ።

ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ከጎኔ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ተቀምጣለች፤ ደባርቅ ዘመድ ጠይቃ ትመለሳለች። ትንሽ እንደሄድን ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታችና እጄን ገልብጣ ዘገነችልኝ። የገብስ ነው፤ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ይስጥልኝ አልኩና ጨብጬ ያዝኩት።

ትንሽ ቆይታ አየችኝ። «ምነው አትበይም?»

አፌን ከፈትኩ። ስንዴና ገብስ ልል ነበር።

«ጥርሴን ያመኛል» አልኳት።

«ውይ፣ የጥርስ ነገር» አለችና ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረች። የእሷንም እንዴት እንዳመማት፣ ምን ቅጠል እንደነከሰችበት፣ ማን እንደነቀለላት፣ የነቀለላት ሰው እጁ እንዴት እንደሚቀል እየነገረችኝ ወረድን። ጎንደር እስክንገባ አልጨረሰችውም።